ባዶ ሆድ የማይወድ መድኃኒት

ሐሙስ፣ ከደሴ ወረኢሉ

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድ የሚያውቀው ከለስላሳ ማቀዝቀዣ ነው። ደሴ ላይ ካርቶኖቹን ጭነን ስንጨርስ ሾፌራችን ጋሽ ደምሴ ቀጭኗን ሹራቤን አይተው፣ የጉጉፍቱን ተራራ በዚህች ልታልፊው ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ የሳቅኩት ለዚህ ነው። እሳቸው አልሳቁም። ከመቀመጫቸው ጀርባ ጋቢ ጎትተው ጭኔ ላይ ጣሉልኝና መኪናውን አስነሱ።

ዳገቱን ስንይዝ ደመናው መጀመሪያ ከበታቻችን ነበር፤ ቀጥሎ ጎናችን ሆነ፤ በመጨረሻ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው በዓይን ሳይሆን በልማድ ይነዳሉ። አልፎ አልፎ ከነጩ ነገር ውስጥ ፈረስ ብቅ ይላል፤ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው እጁን ለሰላምታ ያነሳና እንደገና ይጠፋል። እኛ አገር ሰው ከሩቅ ይታያል። በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚመጣን ሰው አጠገባችሁ እስኪደርስ ድረስ አምታችሁት ትጨርሳላችሁ። እዚህ ግን ሳይታሰብ መጥቶ ሳይታሰብ ይሄዳል፤ ለሐሜትም ጊዜ አይሰጥም።

እኔ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ ሥራ ሁሉ በዘመቻና በአንድ ለአምስት የሚሠራበት። ያኔ የተመደብኩት ለልጆች የሆድ ትልና የቢልሃርዚያ መድኃኒት በየትምህርት ቤቱ በሚታደልበት ዘመቻ ላይ ነበር። ከኋላችን የተጫኑት ክኒኖች ከእኔ የበለጠ አገር አይተዋል። ባሕር ማዶ ተሠርተው፣ በስጦታ ተሰጥተው፣ በመርከብ ተጉዘው ነው የመጡት። ሥልጠናው ላይ እንደሰማነው ይኸው ክኒን በአፍሪካም በእስያም በሌላውም ዓለም ላሉ ልጆች ይሰጣል። ጋቢው ሞቆኝ ሳንቀላፋ የማላውቃቸው ልጆች በረጅሙ ተሰልፈው አፋቸውን ሲከፍቱ ይታየኝ ነበር። የሰልፉ ጫፍ ጭጋጉ ውስጥ ስለሚገባ መጨረሻውን አላየሁትም።

ወረኢሉ ስንደርስ ከጭነቱ ከፊሉን ማውረድ ነበረብን፤ የመጋዘኑ ጠባቂ ግን ቁልፉን በኪሱ ይዞ ለቅሶ ሄዷል። በሩ ላይ ቆመን ስንንቀጠቀጥ አንዲት እናት ከጎረቤት ወጥተው፣ ወላሂ ብርድ ላይ አትቆሙም አሉን። «ወላሂ» ሲሉ ሰምቼ በአሰላሙ ዐለይኩም ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ ደህና አድርገው መለሱልኝ። ቤታቸው ገብቼ የማርያምን ሥዕል ግድግዳው ላይ፣ ማተባቸውን አንገታቸው ላይ ያየሁት በኋላ ነው። ትኩስ ወተት በጣሳ ሰጡን፤ ጠባቂው እስኪመጣም የመሐላ ዓይነት እየደረደሩ አበሉን። በአላህም፣ በማርያምም፣ በሞተው ባላቸውም አስገደዱኝ። ያን ቀን ሌላ ምንም አላየሁም፤ ወረኢሉ ለእኔ የእሳቸው ቤት ነው።

ዓርብና ቅዳሜ፣ መካነ ሰላም

ወደ ኋላ ተመልሰን በመገንጠያው በኩል ወደ ምዕራብ ታጠፍን። ሜዳው ላይ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋሱ ሲመታው ሜዳው የሚተነፍስ ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ ጎማችን ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም ነፋስ የለውም። ድሬ ቢሆን አምስት ባጃጅ ይቆምልንና አምስቱም ምክር ይሰጡናል፤ እዚህ የቆመልን አንድ የጭነት መኪና ነው፤ ሾፌሩ ምክርም ሳይሰጥ ጎማውን ጭኖ ይዞት ሄደ። እንግዲህ በዚያው ቀረ ብዬ ስብሰለሰል ጋሽ ደምሴ ሣሩ ላይ ተጋድመው እንቅልፋቸውን ለጠጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎማው ተጠግኖ በሌላ መኪና ተመለሰልን። የላከው ሰው ስሙን እንኳ አልነገረንም።

ቅዳሜ መካነ ሰላም መምህራኑን ስናሠለጥን ዋልን። ክኒኑ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ልጆቹ ምልክት ባለበት የመለኪያ እንጨት አጠገብ ቆመው በቁመታቸው ልክ እንዴት እንደሚሰጣቸው አሳየሁ። መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ኮራ ብዬ ነበር።

እሁድ፣ ቁልቁለቱ

የእኔ ድርሻ የሆነው መንደር ከመካነ ሰላም በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። መንገዱ ሲታጠፍ አንድ ልብስ አወልቃለሁ፤ ደግሞ ሲታጠፍ ሌላ። እታች ስንደርስ ጋቢውን አጥፌ ተቀመጥኩበት። ሙቀቱና የግራሩ ጥላ ቤቴ የገባሁ አስመሰለኝ። ልዩነቱ ወንዙ ውሃ ያለው መሆኑ ነው፤ ልጆች እስከ አንገታቸው ገብተው ይስቃሉ። ቢልሃርዚያው የሚይዛቸው እዚያው ውስጥ መሆኑን እያወቅኩ እግሬን ልነክር ቃጣኝ።

ያሳደረችኝ ዘይነባ ትባላለች፤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ቤቷን ያሠራችው ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቷ ፋጡማ ስትሆን፣ ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቃል። ከዘይነባ ጋር የምትኖረው የፋጡማ ልጅ ሰዓዳ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው አሉኝ፤ እኔ ስድስት ብያት ነበር። እጆቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ሆዷ ግን ወደ ፊት ወጥቷል። ዘይነባ ልጅቷን ውጭ ልካ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ሰገራዋ ላይ ደም ከታየ ቆይቷል፤ ጤና ጣቢያው መርምሮ ቢልሃርዚያ ነው ብሏል፤ መድኃኒቱ ግን አልነበረም። እናቷ በደወለች ቁጥር ስለዚህ ነው የምትጠይቀው። መድኃኒቱ ለሚታደልበት ሰኞ እናትም አክስትም ቀን ሲቆጥሩ ቆይተዋል።

ለሰኞ ልጆቹ እንዲመጡ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ለቄሱ፣ መስጊድ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ለሼህ ይመር ነገርኩ። ሼህ ይመር ደረሳ የሚሏቸውን ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች ቁርኣን የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። የሆድ ትል መድኃኒት ነገ ጠዋት ይሰጣል አልኩ፤ ከዚህ የበለጠ አላልኩም። መርሀባ አሉኝ፤ ወሬው ደግሞ በአንድ ለአምስቱ በኩል ሲሻገር አመሸ።

ሰኞ

ልጆቹን ሲነጋ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ያን ያህል ልጅ እንደዚያ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። የድሬ ልጅ ሰልፍ ላይ ቢቆም ከተማው ይሰማዋል። ጨዋነት መሰለኝና ተደነቅኩ፤ ርሃብ ነበር።

መራራው ክኒን ፊታቸውን ሲያጨማድደው እየሳቅን ከፊሉን እንደጨረስን አንዱ ልጅ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ አጥሩ ሥር የሚያስመልሱት በዙ። ሰዓዳ የዋጠችውን ክኒን አስመልሳ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ወደ ላይ ዞረና ወደቀች። አንስቼ ስይዛት ክብደት የላትም። ከንፈሯ ነጭ ነው። ጥላ ውስጥ አስተኝቼ ስኳር በውሃ እየበጠበጥኩ፣ ጠዋት ምን እንደበላች ዘይነባን ጠየቅኳት።

«ምን ትበላለች? ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እህል አላቀመስኳትም» አለች፤ መሥራት ያለባትን እንደሠራች ሴት። «አንጀት ባዶ ካልሆነ ትሉ መች ይለቃል?»

ኮሶ ነው ነገሩ። እኛ ዘንድ ፊቱን ያጠቆረ ሰው ሲታይ ኮሶ የጠጣ መሰለ ይባላል፤ ከዚያ ያለፈ የማውቀው አልነበረም። እዚህ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም በኮሶ ነው የኖረው፤ የኮሶ ወጉ ደግሞ ሆድን ባዶ ማሳደር ነው። የትል መድኃኒት ስላቸው እናቶቹ በሙሉ፣ አንዲት ሳትቀር፣ በፍቅር ልጆቻቸውን አስርበው አሳደሩልኝ። የእኔ ክኒን ባዶ ሆድ ሲያገኝ ያዞራል፣ ያስመልሳል። መመሪያው ላይ ልጆቹ መብላታቸው ይረጋገጥ የሚል መስመር አለ። ቅዳሜ በራሴ አፍ አንብቤዋለሁ። ድሬ ማንም ሰው ጠዋት ፉል ሳይበላ ከቤት ስለማይወጣ፣ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። አላሰብኩም ማለት ቀላል ነው፤ ልጅቷ ክንዴ ላይ ነበረች።

ስኳሩና ትንሽ ዳቦ ሲገባላቸው ልጆቹ ሁሉ ተነሱ። ሰዓዳም ዓይኗን ከፍታ አየችኝና እንቅልፍ ወሰዳት። ወሬው ግን ጎረቤት መንደር ሳይደርስ ሪያድ ደርሷል። የዘይነባ ስልክ ሲጮህ ቁጥሩን አይታ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ልጄ ሞታለች አሉኝ» አለች ፋጡማ። «እውነቱን ንገሪኝ።»

ተኝታለች አልኳት።

«ለሞተ ሰውም ተኝቷል ይባላል። ቀስቅሺልኝ።»

ቀሰቀስኳት። ሰዓዳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ፣ እማ ተኝቼ እኮ ነበር፣ ለምን ታስነሺኛለሽ ብላ ተነጫነጨች። ከዚያ ማዶ የሚሰማው ልቅሶ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ፋጡማ ለእህቷ የተናገረችውን አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁት፤ ሁለተኛ ያ ነገር ልጄ አፍ እንዳይገባ።

ማክሰኞ

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የተገኙት የመምህራኑ ልጆች ብቻ ናቸው። ፀጥ ባለው ግቢ ላይ የግራር አበባ ይረግፋል፤ እንደ ሕልም ያምር ነበር፤ እኔ ግን ካርቶኖቹን መልሼ ጭኜ መጥፋት ነው የፈለግኩት። ጋሽ ደምሴ ጎማቸውን እየመረመሩ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝ። ቀና ብለውም አላዩኝ።

ደሴ ላሉት አለቆቼ ደውዬ ጥፋቴን ተናገርኩ። ያስመለሳቸው ልጆች በልተው በሌላ ቀን መድገም ይችላሉ አሉኝ። ያንን ይዤ ሼህ ይመር ዘንድ ሄድኩ። ደረሳዎቹ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሊወስዱ ተራ ይዘው የነበሩ ናቸው፤ አሁን አንዱም አይመጣም። ሼሁ እግር ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ቆዪ፣ ይኸንኑ ለሰው ትናገሪያለሽ አሉኝ።

ከሶላት በኋላ መስጊዱ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ቄሱም መጥተው ከሼሁ ጎን ተቀመጡ። አጥፍቻለሁ አልኩ፤ ልጆቹ መብላታቸውን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ሰዉ እኔን ትቶ ወደ ሼሁ ዞረ። ያኔ ሼህ ይመር ተነሱ።

«ጥፋቱ የኔም ነው። እሷ መድኃኒት ይሰጣል ነው ያለችኝ፤ እንደ ወጉ አሰናዷቸው ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ወደ እናቶቹም ዞሩ። «ኮሶ የቤት ጌታ ነው፤ ቤቱ ባዶ ይሁንልኝ ይላል። ይኸኛው እንግዳ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ። እንግዳ ደግሞ ምግብ ቀርቦ ነው የሚቀበሉት። ነገ ልጁን ያላበላ ልጁን ይዞ አይምጣ።»

አንድ አዛውንት ሳቁ፤ ከዚያ ሴቶቹ። እኔ አለቀስኩ፤ እንዳይታይብኝም አልደበቅኩትም።

ረቡዕ

የበላ ልጅ ድምፅ አለው። ገና ቤት ውስጥ ሳለሁ የግቢው ጩኸት ቁልቁል ይሰማኛል። እናቶቹ ልጆቻቸውን ቤት አብልተው ሳያበቃቸው ምግብ ይዘው መጥተዋል፤ ዳቦው፣ ንፍሮው፣ በሶው፣ እርጎው። ረቡዕ ስለሆነ አንዲት ክርስቲያን እናት ብትጨነቅ ቄሱ፣ ልጅ አይጾምም፣ ይልቅ አጉርሺው ብለዋት አለፉ። ሼህ ይመር ለደረሳዎቻቸው ዳቦውን በእጃቸው እየቆረሱ፣ እያንዳንዱ ሲውጥ ጉሮሮውን እያዩ አሳለፏቸው። እኔንም እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ልጃቸው ያዙኝ፤ አፈር ስሆን እየተባልኩ ከእያንዳንዱ ሞሰብ ጎረስኩ፤ ክኒን የምቆጥርበት እጅ እስካጣ ድረስ። ያን ቀን ማንም አልወደቀም። አንድ ልጅ ብቻ አስመለሰው፤ እሱም ከእርጎ ብዛት ነው አሉኝ።

ዘይነባ ለሰው ልጆች ዳቦ ጋግራ መጥታለች። ሰዓዳን ግን ዛፍ ሥር አስቀምጣ ወደ ሰልፉ አላስጠጋቻትም። ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጓደኞቿን ታያለች። ትውሰድ ብዬ ዘይነባን ለመንኳት። ዘይነባ እንባዋ መጣ።

«እታለም፣ እኔ አደራ በላ አልሆንም። የወለደቻት እንዳይገባ ብላለች።»

ለፋጡማ ደውለን እንንገራት ብላት አይቻልም። ስልኳን አሠሪዋ ስትፈቅድ ብቻ ነው የምትይዘው፤ መደወል ያለባት እሷ ናት። ያን ቀን አልደወለችም።

ሐሙስ፣ ልንመለስ ስንል

ጠዋት ዕቃው ተጭኖ፣ ጋሽ ደምሴ ሞተሩን አስነስተው፣ እኔ ከዘይነባ ደጅ ላይ ቆሜ መሄድ አቅቶኝ ነበር። ሌላ ዙር መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። የሰዓዳን ድርሻ ክኒን በወረቀት ጠቅልዬ በእጄ ይዣለሁ። ለዘይነባ ሰጥቻት ልሂድ? ልጅቷ ትወስዳለች? ማን ያያታል? በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ።

ዘይነባ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከወዲያ ሳሕን ይንኳኳል፣ ልጆች በዓረብኛ ይጨቃጨቃሉ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ፣ ትናንት መንደሩ በሙሉ በልቶ ወስዶ ደህና እንደዋለ፣ የቀረችው ሰዓዳ ብቻ እንደሆነች ነገርኳት። ፋጡማ መልሳ ጠየቀችኝ።

«የሼሁ ደረሳዎችም ወሰዱ?»

ወሰዱ፣ ደህና ናቸው አልኩ።

«ሰዓዳ ዛሬ ምን በላች?»

ገና ነው አለች ዘይነባ።

«እንግዲያው እኔ ላብላት» አለች ፋጡማ። «ስልኩን አጠገቧ አድርጊው። እጁ ያንቺ ይሁን።»

ዘይነባ ዳቦውን አመጣች። ሰዓዳ ምንጣፉ ላይ ከስልኩ ፊት ተቀመጠች። ቢስሚላህ በይ አለች እናቷ፤ ሰዓዳም አለች። ዘይነባ አጎረሰቻት። ይቺ የኔ ናት፣ አኝኪ፤ አኘክሽ? ዋጥሽ? አፍሽን ክፈቺ፣ አሁን ሁለተኛዋ። ፋጡማ እንደዚያ እያለች ሳትቸኩል አበላቻት፤ በመካከሉ ዝም ስትል የልጇን ማኘክ ትሰማ ነበር መሰለኝ። ሆዷ ጠና ሲል ሰዓዳን በእንጨቱ ለክቼ ክኒኖቹን ሰጠኋት። ፊቷ ተጨማደደ፤ ዋጠች። ከዚያ በኋላ እስከ ቀትር ጠብቄ ምንም እንዳልነካት አይቻለሁ፤ አስቀድሜ የምነግራችሁ የቀረውን ስትሰሙ እንዳትሰጉ ነው።

«ዋጠች?» አለች ፋጡማ።

«ዋጠች።»

ከኋላዋ አንዲት ሴት ስሟን እየጠራች ነው። መራራው እንዲለቃት ዳቦ ጨምሩላት አለችን፤ ጥሪው እየቀረበ መጣ፤ እሷ ግን አልዘጋችም።

«እዚህ በየቀኑ ሁለት ልጆች አበላለሁ» አለች። «ዛሬ የራሴን አበላሁ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ሰዓዳ መቋረጡን አላወቀችም፤ አፏን ከፍታ ወደ ስልኩ ትጠብቃለች። ዘይነባ ከዳቦው ቆርሳ አጎረሰቻት።